ኦሪን ዊክስ የጠጣው ውስኪ

ሃርሎ ፌሪ የምትባለው ትንሽ ከተማ ጋዜጣዋ ከተዘጋ ወዲህ የራሷን ወሬ የምትሰማው ከሁለት ሰዎች ብቻ ነው። አንደኛው ሌላንድ ሃውስማን ነው፤ በጋዜጣው ዘመን ማስታወቂያ ሻጭ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ የጎማ ነጋዴውንና የቀብር አስፈጻሚውን ደጅ ሲጠና ኖረ፤ ልቡ ግን ጸሐፊ ነበር። ጋዜጠኞቹ ሥራ ፍለጋ ወደ ኮለምበስ ሲበተኑ እሱ እዚያው ኦሃዮ ወንዝ ዳር ቀረና ብሎግ ከፈተ፤ «የወንዝ ዳር ወሬ» አለው። ሁለተኛዋ ማክሲን ድራመንድ ናት፤ ከጥርስ ሐኪም ቤት ጡረታ የወጣች፣ የከተማውን ሰው አፍ ከውስጥም ከውጭም የምታውቅ ሴት። የእሷ ብሎግ «የማክሲን ጓዳ» ይባላል። የኬክ አሠራር፣ የሞተ ሰው፣ የጠፋ ድመት፣ የድሮ ታሪክ፣ ሁሉም በአንድ ጓዳ ታጭቋል።

ኦሪን ዊክስን ሰካራም ያደረጉት እነዚህ ሁለት ሰዎች ናቸው። ሲያደርጉት ግን አንዳቸውም አላወቁም።

ከስልሳ ዓመት በፊት፣ በመጋቢት፣ ወንዙ ሞላ። ከተማዋ የጎርፍ ግንብ አላት፤ መንገድ ግንቡን በሚያቋርጥበት ቦታ ደግሞ ክፍት በር አለ፤ ውሃ ሲመጣ ሳንቃ በሳንቃ ላይ እየተደረደረ ይዘጋል። ያን ቀን የወፍጮ መንገድ በር ሳይዘጋ ቀረ፤ ታችኛው ሰፈር ተጥለቀለቀ፤ አራት ሰው ሞተ። የበሩ ኃላፊ ኦሪን ዊክስ የሚባል የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ነበር። ለምን እንዳልተዘጋ ያኔም ሰው ብዙ አልተናገረም፤ እየቆየ ደግሞ የሚያውቁት አለቁ። የድሮው ጋዜጣ የተከማቸበት ምድር ቤትም ሻጋታ በልቶት ተጠርጎ ተጣለ።

ሌላንድ ብሎጉን በጀመረ ሰሞን አንድ ሰው የድሮ ፎቶ ላከለት። የሪኪ መጠጥ ቤት ውስጥ የተነሳ ነው፤ ወንዶች ባንኮኒ ተደግፈው ይስቃሉ፤ አንደኛው የማዘጋጃ ቤት ኮፍያ ደፍቷል። ያን ጊዜ ሌላንድ ስለ ከተማዋ የፍሳሽ ቦይ ታሪክ ሲጽፍ ከርሞ ከእህቱ በቀር ያነበበለት አልነበረም። ስለዚህ ከፎቶው ሥር እንዲህ ብሎ ጣል አደረገ፦ «ይህ ባለ ኮፍያ ምናልባት የበሩ ጠባቂ ኦሪን ዊክስ ይሆን? ማን ያውቃል፣ ውሃው በመጣ ቀንም እዚሁ ውስኪውን ይዞ ተቀምጦ ይሆናል!»

ቀልድ ነበር። ግን እንደዚያ ቀን ተነቦ አያውቅም፤ አስተያየት ዘነበለት። ሌላንድ እስከ ማታ ድረስ ገጹን እያደሰ ሲያነብ ዋለ፤ ደስታው ራት አስረሳው።

ዓመት ያህል ቆይቶ ማክሲን ኦሪንን ብሎጓ ላይ ከሩባርብ ኬክ አሠራር ቀጥላ አወጣችው። «ምናልባት»ም «ማን ያውቃል»ም ቀርተዋል፤ ኦሪን ቁጭ ብሎ ጠጥቶ፣ ወንዙ ገብቷል። ሌላው ዓመት ላይ ሌላንድ ስለ ጎርፉ ትልቁን ተከታታይ ጽሑፉን ሊጽፍ ተቀመጠና ሲያስስ የማክሲንን ጽሑፍ አገኘ። በደስታ ጠረጴዛውን መታው። ልክ ነበርኩ ማለት ነው! እናም «ሌሎች ጸሐፊዎችም እንዳረጋገጡት» ብሎ አሠፈረው። ከዚያማ ማን ይመልሰው? ቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳው ላይ ለጠፈው። የትምህርት ቤት ልጆች ድራማ ሠሩበት፤ አንዱ ልጅ ጠርሙስ ይዞ እየተንገዳገደ ሲወጣ ወላጅ ሁሉ በሳቅ ፈረሰ።

የኦሪን ልጅ ቨርና ያን ዕለት ድራማው መካከል ተነስታ ወጥታ ነበር። ቨርና ዊክስ የሜቶዲስት ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን መቺ ናት፤ አግብታ አታውቅም፤ ያደገችበት ቤት ውስጥ ነው ያረጀችው። የሌላንድን ብሎግ በየጠዋቱ ከቁርሷ ጋር ታነባለች።

ዘንድሮ ከተማው የጎርፉን ስልሳኛ ዓመት ሊያስብ ግንቡ ላይ ትልቅ ሥዕል አሣለ። ከሥዕሉ ሥር ነሐስ ላይ የሚቀረጸውን ጽሑፍ እንዲያዘጋጅ የታዘዘው ሌላንድ ነው፤ ስሙም «የታሪክ አማካሪ» ተብሎ እዚያው ላይ ይወጣል። ይህን ሲሰማ በዚያ ዕድሜው ደስታው እንደ ልጅ አላስተኛውም። ኮሚቴው አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፦ ነሐስ አይፋቅምና ለእያንዳንዱ ነገር ሁለት ምንጭ አምጣ። ሌላንድ ሁለት ምንጭ አለው፤ እሱ ራሱና ማክሲን። የማክሲን ከየት እንደመጣ ብቻ ነው የቀረው። ሄዶ ጓዳዋ በር ላይ ቆመ።

«ማክሲን፣ ኦሪን ዊክስ መጠጥ ቤት ነበር ያልሽውን ማን ነው የነገረሽ?»

ማክሲን ዱቄት የነካ እጇን በሽርጧ ጠረገችና አየችው። «ትቀልዳለህ?»

«ኧረ አልቀልድም። ለነሐሱ ነው።»

«አንተው ነህ እንጂ! ከፎቶው ሥር የጻፍከውን ነው የወሰድኩት። ስሜን አልጠቀሰችም ብለህ ነው ዛሬ ልትወቅሰኝ የመጣኸው?»

«እኔ እኮ ‹ምናልባት› ነው ያልኩት።»

«ምናልባትን ማን ያነባል፣ ሌላንድ? ኋላስ አንተው ራስህ በደንብ አድርገህ ጽፈኸው የለ? ‹ሌሎች ጸሐፊዎች› ምናምን ብለህ።»

«ሌሎች ጸሐፊዎች አንቺ ነሽ።»

ማክሲን ሳቋ አመለጣት፤ ወንበር ስባ እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። «እና አንተ ከእኔ፣ እኔ ካንተ? ኧረ በጌታ! እንደ ሁለት ሰካራም ተደጋግፈን ነዋ የቆምነው! የጠጣነውስ እኛ ነን!»

ሌላንድ አልሳቀም። ጆሮው ጋለ። «ቨርና…» አለ።

ሳቋ ቆመ። «አዎ» አለች ማክሲን፤ «ቨርና አለች።»

በማግስቱ ኮረብታው ላይ ወዳለው የአረጋውያን ማረፊያ ነዳ። ክሊተስ ቦግስ የሚባሉ ሽማግሌ በዚያ ዘመን የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ እንደነበሩ ያውቃል። እውነቱን ለመናገር፣ ሲሄድ የተመኘው ሽማግሌው «አዎ፣ ጠጪ ነበር» እንዲሉት ነው። እንዲህ ቢሉት ይድናል።

«ኦሪን ነው ያልከኝ?» አሉ ክሊተስ። «ኦሪን ከእኔ ጋር ነበር እኮ! እስከ ወገባችን ውሃ ውስጥ ቆመን ሳንቃ ስንደረድር። ሳንቃው ነው አልበቃ ያለን።»

«እንዴት አልበቃም?»

«የከተማው በዓል ብለው መድረክ ሠርተውበት ነበራ! ከንቲባው ናቸው ያስወሰዱት። በዓሉ አለፈ፣ ሳንቃው ግማሹ የት እንደገባ አይታወቅም። የማን ዶሮ ቤት እንደሆነ እንጃ! ኦሪን በየጊዜው እየሄደ ‹ሳንቃዬን መልሱልኝ› ይላቸው ነበር፤ ‹ደግሞ መጣ ሳንቃ› እያሉ ይስቁበታል።»

«መጠጥስ?»

«የምን መጠጥ?»

«ይጠጣ ነበር ይባላል።»

«ኦሪን? ጨጓራው ያረረ ሰውዬ! ቡና እንኳ አይደፍርም። እኛ ቢራችንን ስንል እሱ ወተት ይዞ ነው የሚቀመጠው። ‹ጡት ያልጣለው› ነበር የምንለው።»

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሲጻፍ ለምን ዝም አሉ?»

ሽማግሌው ብርድ ልብሳቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካከሉ። «የወንድሜ ልጅ አንብቦልኛል። ሁለት ሰው ነው የጻፈው አለኝ። ሁለት የተማረ ሰው ከጻፈማ፣ እኔ ሳልደርስ በፊት ቀማምሶ ይሆናል አልኩ። የእኔ ጭንቅላት እንደሆነ አርጅቷል፣ ልጄ።»

ሌላንድ መኪናው ውስጥ ገብቶ ቁልፉን ሳያዞር ብዙ ተቀመጠ። አፈረ። ያፈረው በሠራው ብቻ አይደለም፤ እዚያው መቀመጫው ላይ እንዳለ ማምለጫ ማሰላሰል መጀመሩም አሳፈረው። ግን ማሰላሰሉን አልተወም።

ፍርሃት ሰውን ብልሃተኛ ያደርገዋል። ሌላንድ ቤቱ ገብቶ ከብሎጉ ላይ የኦሪንን ነገር አንድ በአንድ አጠፋ፤ ለምን እንዳጠፋ አልጻፈም። ለኮሚቴው «ጽሑፉ ባጭሩ ቢሆን ያምራል» አላቸውና ነሐሱ ላይ «የወፍጮ መንገድ በር ሳይዘጋ ቀርቶ» የሚለው ብቻ ሠፈረ። ማክሲን የራሷን አጥፍታ ደወለችለት።

«ማስተባበያው መቼ ነው የሚወጣው? አብረን እናውጣው እንጂ።»

«ከሥዕሉ ምርቃት በኋላ» አላት።

«ለምን በኋላ?»

«ሰው በዓሉን ነው አሁን የሚያስበው። ለምን እንረብሻለን?»

ማክሲን ሞኝ አይደለችም። «ስምህ ከነሐሱ ላይ እንዳይነሳ ነው» አለችውና ዘጋችው።

በዚያው ሰሞን የማክሲን ጓዳ የክሊተስ ቦግስን ሞት አወጣ። ሌላንድ ቁርሱን እየበላ አነበበው። መጀመሪያ የተሰማው ሐዘን አይደለም፤ ቅልል ነው ያለው። የሚያውቅ ሰው ቀነሰ። ይህ ስሜት በገዛ ደረቱ ውስጥ ሲያልፍ ተሰማውና እንቁላሉን ትቶ ተነሳ። ቀብር አልሄደም፤ ጉንፋን ይዞኛል አለ።

ሥጋ በማይበላባቸው የጾም ወራት የእሳት አደጋ ጣቢያው አርብ አርብ ዓሣ ይጠብሳል፤ ካቶሊኩም ሌላውም ከተማው ሁሉ እዚያ ነው የሚበላው። ከምርቃቱ በፊት በነበረው አርብ ሌላንድ ጥግ ይዞ ተቀምጦ ሳለ ቨርና ሳህኗን ይዛ መጣች።

«ሌላንድ፣ አጠገብህ ሰው አለ?»

«ኧረ ማንም የለም፣ ቁጭ በይ።»

ዓሣዋን አልነካችም። «ኮሚቴው ነገ እንድናገር ትንሽ ደቂቃ ሰጥቶኛል» አለች። «ይቅርታ ልጠይቅ ነው። ስለ አባቴ።»

የሌላንድ ሹካ ቆመ። «አንቺ ምን አጠፋሽና? ያኔ እኮ ሕፃን ነበርሽ።»

«ቢሆንም። የሟቾቹ ዘመዶች አሁንም እዚሁ ናቸው። ከሟቾቹ የአንዱ፣ የፕሩዊት ልጅ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊቴ ነው የሚቀመጠው። እኔ ምን አውቄ፣ ኦርጋኔን እየመታሁ ፈገግ እልለት ነበር። አሁን በር ላይ ቆሞ ሰው የሚቀበለው ሰውዬ ሳልፍ ‹ቨርና፣ በሩን አደራ!› ይለኛል። ለቀልድ ነው፤ ክፋት የለውም።» ናፕኪኗን አጣጠፈችው። «አንተ ባትጽፈው ሳላውቅ እሞት ነበር። ከልቤ ነው የማመሰግንህ።»

አሁን ንገራት። ሌላንድ ይህን ለራሱ አለ፤ ከንፈሩም ተንቀሳቀሰ። ግን ጠረጴዛው ዙሪያ ሰው አለ፣ ነገ ከንቲባዋ አለች፣ ነሐሱ ተቀርጿል። «ቨርና፣ ምናልባት ባትናገሪው…» ነው ያለው።

«አይ፣ ቆርጫለሁ። ይልቅ አንተ የቃላት ሰው ነህ፤ እስኪ ይህቺን እያት።» የተጻፈባት ወረቀት ከቦርሳዋ አወጣች።

«አባቴ ሰክሮ ሰው አስፈጀ» ይላል። «እወደው ነበር፤ አሁን እንዴት እንደምወደው አላውቅም» ይላል። ሌላንድ እስክሪብቶውን አወጣና አንድ ቦታ ነጥብ ጨመረላት፤ አንዱን ረጅም ዓረፍተ ነገር ለሁለት ከፈለላት። ይህን ነው ያደረገው። በእሱ ውሸት የምትገባውን ንስሐ አርሞ ሰጣት፤ እሷም አመስግና ወረቀቱን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰች።

ቅዳሜ ነፋሱ ከወንዙ እያፏጨ ይመጣል። ከተማው ግንቡ ሥር ታጣፊ ወንበር ደርድሮ ተቀምጧል። ከንቲባዋ ተናገረች፣ ሸራው ተገፈፈ፣ ተጨበጨበ። ቨርና ኮቷን ቆልፋ ወጣችና ድምፅ ማጉያው ፊት ቆመች። የፊተኛው ረድፍ ላይ ሌላንድ አለ፤ ከቨርና ኋላ የነሐሱ ሰሌዳ የእሱን ስም ይዞ ያብረቀርቃል።

«እኔ የኦሪን ዊክስ ልጅ ነኝ» አለች ቨርና። «አባቴ በሩን መዝጋት ሲገባው…»

ሌላንድ ሳያስበው ተነሳ። «ውሸት ነው!»

ሰው ሁሉ ዞረ።

«እኔ ነኝ የፈጠርኩት!» አለ። ዕንባው መጥቷል። «ኦሪን አልጠጣም! ወተት ነው የሚጠጣው! ሳንቃውን ለመድረክ ወስደውበት ነው፣ ክሊተስ ቦግስ ነግሮኛል! እኔ ለቀልድ ጻፍኩት፣ ከዚያ ማክሲን ወሰደችው፣ ከዚያ እኔ መልሼ…»

እየተናገረ ሳለ ከኋላ አንድ ሰው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ሌላውም ተከተለ። ባልቴቶች ዓይናቸውን ጠረጉ። ከንቲባዋ መጥታ ትከሻውን ያዘችው። «ጨዋ ሰው ነህ፣ ሌላንድ» አለችው ቀስ ብላ። «ነውሩን ከእሷ ላይ ልታነሳላት ነው።»

«አይደለም! እውነቴን ነው!»

«እናውቃለን፣ እናውቃለን። ቁጭ በል።»

ማክሲን ወንበሯ ላይ ቆመች። «እውነቱን ነው እኮ! ከእሱ ነው የገለበጥኩት፣ ሌባዋ እኔ ነኝ!» ብላ ጮኸች። ሰው ሳቀ። ማክሲን ስትናገር መሳቅ ልማድ ነው። ቨርና ወረቀቷን አጠፈችና ከመድረኩ ወረደች፤ የሙዚቃ ባንዱ መምታት ጀመረ።

የግንቡ በር አጠገብ፣ ነፋሱ በማይደርስበት ጥግ፣ ሌላንድ ቨርናን ለብቻዋ ቆማ አገኛት። ሁሉንም ነገራት፤ ፎቶውን፣ ማክሲንን፣ ሳንቃውን። እስኪጨርስ ሰማችው።

«እሺ» አለች። «ገምተህ ነው የጻፍከው። ግን ልክ ነው የገመትከው።»

«ቨርና፣ አልገባሽም…»

«አንተ ነህ ያልገባህ። ያን ቀን ቤት ሲመጣ አቅፎኛል። ልብሱ ርጥብ ነው። ውስኪ ውስኪ ይሸት ነበር። እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ።»

«ይህ መቼ ነው ትዝ ያለሽ?»

«ያንተን ጽሑፍ ያነበብኩ ዕለት ነው። ቁጭ ብዬ ሳነብ መጣልኝ።»

«ከዚያ በፊትስ? በፊት ስታስታውሺው ምን ይሸት ነበር?»

ዓይኖቿ ግንቡ ላይ፣ ከዚያ መሬቱ ላይ፣ የጣለችውን ነገር እንደምትፈልግ ሰው ተንከራተቱ። «አቅፎኛል…» አለች። «ርጥብ ነው…» ከዚያ ፊቷ ተለወጠ። «አጣሁት» አለች። «በፊት የነበረው የለም። ሌላንድ፣ ምን አደረግኸኝ?»

ሌላንድ እጁን ዘረጋላት፤ እሷ ወደ ግንቡ ሸሸች።

«ክሊተስ ቦግስ ነው የነገረህ?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«ከወር በፊት።»

«ቀብሩ ላይ ኦርጋን የመታሁት እኔ ነኝ» አለች ቨርና። «ከሳጥኑ አጠገብ ተቀምጬ። ያኔ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«አርብ ዓሣ ስንበላስ?»

«አውቅ ነበር።»

አልሰደበችውም። ብትሰድበው ይሻለው ነበር። ግንቡን ተደግፋ ቆየችና ዓይኗን በእጇ ጀርባ ጠረገች። «ወተት አልክ?» አለች።

«ወተት ይጠጣ ነበር። ጨጓራውን ያመው ነበር። ጓደኞቹ ‹ጡት ያልጣለው› ይሉት ነበር አሉ።»

ትንሽ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ሌላስ ምን ነገረህ ስለሱ?»

«በየጊዜው እየሄደ ሳንቃውን እንዲመልሱለት ይጠይቅ ነበር። ይስቁበት ነበር። ያን ቀን እስከ ወገቡ ውሃ ውስጥ ቆሞ ነበር።»

«ሌላስ?»

የገዛ አባቷን ከእሱ ትለምናለች። ሌላንድ ስለ ኦሪን ዊክስ ሊናገራት የሚችለው ብዙ ደግ ነገር አፉ ላይ መጣ፤ ውሃ ውስጥ ቆሞ ስምሽን ይጠራ ነበር፣ በጣም ይወድሽ እንደነበር ነገሩኝ፣ እንዲህ ብሎ ነበር፣ እንዲያ ብሎ ነበር። እንዴት እንደሚነገር ያውቅበታል። ዓይኗን ላለማየት መሬት መሬት አየ።

«ትንሽም ቢሆን» አለች ቨርና።

«ሌላ አላውቅም» አላት።